መስመሩ ባለበት በኩል

ሰኞ፣ ኦገስት 5

ሙቀቱ ዛሬም አልበረደም። ፀሐይ ሳትወጣ ቲማቲሙን አጠጣሁ። ባቄላው ግን አብቅቶለታል።

ቡፎርድ ሃይንስ መጣ። በረንዳው ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ተቀመጥ ሳይባል እንደማይቀመጥ አልረሳም። ከሠላሳ ዓመት በፊት ጂኦሜትሪ ሳስተምረው የክፍሉ ውራ ነበር። አሁን የኮሌጁ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ተከላካዮች አሠልጣኝ ሆኗል፤ ቦርጭም አውጥቷል።

“ልጆቼ ይሮጣሉ፣ ይጋጫሉ። ማዕዘን ግን አያውቁም፣ ሚስ ክራውደር። ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ከኋላ ከኋላ ይከተሉታል።”

“አንተስ መቼ አወቅህና?”

“ጡቡን ያስያዙኝ ቀን።” ሳቀ። በዚያ ዘመን የክፍሉን ውራ ጡብ አሸክሜ አውለው ነበር።

የመክፈቻው ጨዋታ ሴፕቴምበር 7 ነው፣ ከወንዝ ማዶው ኮሌጅ ጋር። አምና በገዛ ሜዳችን አርባ አንድ ነጥብ አስቆጥረውብን ሄደዋል። ዘንድሮም ከደገሙት የቡፎርድ እንጀራ አለቀ። አፍ አውጥቶ አልነገረኝም። ባርኔጣውን በእጁ ሲያሽከረክር አየሁት፣ በቃኝ።

በየቀኑ ልምምዱ ላይ እየተገኘሁ ለእያንዳንዱ ልጅ ማርክ እንድሰጥለት ይፈልጋል። በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ! እሺ አልኩ። ሌላ ምን ሥራ አለኝ?

ማክሰኞ፣ ኦገስት 6

ሜዳው ዳር በታጣፊ ወንበር፣ ከጃንጥላ ሥር። ሃያ ስድስት ተከላካዮች። ከነዚህ የሃያው ስም ለመክፈቻው ይለጠፋል። ስድስቱ አልጋቸውንና የምግብ ካርዳቸውን አስረክበው ወደየመጡበት።

ሰብስቤ ነገርኳቸው። “ሰውየው ወዳለበት የሚሮጥ ደንቆሮ ነው። ስትደርስ እሱ እዚያ የለም። ወደሚደርስበት ሩጥ።”

አንድ ወፍራም ልጅ፣ “እማማ፣ ይሄ ኳስ ነው ወይስ ሒሳብ?” አለ።

“እማማ አይደለሁም። እናትህ ብሆን ኖሮ የበቆሎ ዳቦውን ቀንሼልህ ነበር።”

ጓደኞቹ ሳቁበት፤ አንገቱን ደፋ።

ልምምዱ እስኪያልቅ ውሃ አይሰጣቸውም። የጨው ክኒን ብቻ። ደግ አደረገ ቡፎርድ። ሚስ ፔሪን እኛን ስታስተምር ደወል ሳይደወል ውሃ የጠየቀች ልጅ መዳፏን በማስመሪያ ትገረፍ ነበር። የሞተ አልነበረም።

ረቡዕ፣ ኦገስት 7

ቡፎርድ የእኔን ጡብ አሳድጎታል። በኖራ የተለሰነ የሲሚንቶ ብሎኬት ሆኗል። በቀኑ ዝቅተኛ ማርክ ያገኘው ልጅ እስከ ማግስቱ ማታ ይሸከመዋል። ምግብ ቤት፣ ክፍል፣ ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር። “ሙሽራዋ” ይሏታል።

የመጀመሪያው ባል ክሊዮፈስ ግራንጀር ሆነ፣ የግራ ዳር ጠባቂው። አርባ አንድ ሰጠሁት። እግሩ ፈጣን ነው፣ አእምሮው ቀርፋፋ። እራት ላይ “ክሊዮ፣ ሙሽሪት አትበላም እንዴ?” ሲሉት አንድ ቁራሽ ዳቦ ብሎኬቷ ላይ አኖረላት። አልተቆጣም። የማይቆጣ ልጅ ምን ይባላል? ደደብ ወይ ቅዱስ… ገና አልለየሁም።

ዓርብ፣ ኦገስት 9

ሉሸስ ቲልማን። የኋላ ጠባቂ፤ ሁሉም ያመለጣቸውን የሚይዘው የመጨረሻው ሰው ማለት ነው። ይሄ ልጅ ማዕዘን የሚያስተምረው ሰው አያስፈልገውም። ኳስ ተሸካሚው መታጠፉን ራሱ ሳያውቅ ሉሸስ መታጠፊያው ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሰማንያ ስምንት። ከእኔ እጅ ብዙ ነው።

ለራሱ አልነገርኩትም። ሲመሰገኑ ይበላሻሉ።

ማታ ክሊዮፈስ ደብተር ይዞ በረንዳዬ ላይ መጣ። “አልገባኝም፣ ሚስ ክራውደር። እንደገና ያስረዱኝ።” አንድ ሰዓት ሙሉ። የተረዳው ግማሹን ነው። ሲሄድ አመሰገነኝ።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 13

ሉሸስ ተመታ። የጓደኛው ጣት በሄልሜቱ ፍርግርግ ገብቶ ግራ ዓይኑን ወጋው። በረዶ ያዙለት። ቡፎርድ ሰዓቱን እያየ፣ “ዓይን ሁለት ነው፤ ተነሥ!” አለው። ተነሣ።

ጥሩ። እንዲህ ነው።

ሐሙስ፣ ኦገስት 15

ሉሸስ ሃምሳ ሁለት! ሦስት ጊዜ ሰው በአጠገቡ ሲያልፍ እንደ ግንድ ቆሞ ቀረ።

በሁሉም ፊት “ቲልማን፣ ዓይን የለህም?” አልኩት። ሜዳው በሳቅ ተናጋ። እሱም ሳቀ። ዘግይቶ ነው የሳቀው።

ዓርብ፣ ኦገስት 16

ሠላሳ ዘጠኝ። ብሎኬቷ ለእሱ ደረሰች። “ሉሸስም አገባ!” ብለው እልል አሉለት። ክሊዮፈስ ብቻ ሄዶ እንዴት እንደምትያዝ አሳየው። “በዳሌህ አስደግፋት፤ ትከሻህን ትበላሃለች።”

እሑድ፣ ኦገስት 18

ቤተ ክርስቲያን። ሉሸስ ከነብሎኬቱ መጣ። ሸሚዙ ኖራ በኖራ ሆኗል። እናቱ ልታየው በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ተጉዛ መጥታለች። ቨርዲ ቲልማን ትባላለች፤ ዶሮ ፋብሪካ ትሠራለች። የእሑድ ባርኔጣዋን አድርጋ ከጎኑ ተቀመጠች። ብሎኬቷ በመካከላቸው።

ሕዝቡ ሲወጣ ወደ እኔ መጣች።

“አስተማሪዋ እርስዎ ነዎት? ልጄ ምን አጥፍቶ ነው?”

“ሰንፎ ነው።”

“እኔ ሰነፍ አልወለድኩም።”

“ሁሉም እናት እንዲህ ትላለች፣ ሚስስ ቲልማን።”

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ጓንቷን አጠለቀችና ሄደች። የጓንቱ ሁለት ጣቶች ባዶ ነበሩ።

መልሴ ትክክል ነበር? ማርኩ ይናገራል። ማርክ አይዋሽም።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 20

ማርክ አይዋሽም። አንባቢው ግን ደንቆሮ ሊሆን ይችላል።

ወረቀቶቹን ሁሉ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አየሁ። ሉሸስ ከተመታበት ቀን ወዲህ አሥራ ሰባት ሰው አምልጦታል። አሥራ ስድስቱ በግራው በኩል። አሥራ ስድስት! አንድ ሳምንት ሙሉ ዓይኔ ሥር ተቀምጦ…

ማታ አስጠራሁት። በረንዳው ላይ አስቀምጬ የበሰለ ኮክ አቀረብኩለት፣ በስተግራው። ቀዝቃዛ ሻይ ደግሞ በስተቀኙ። ሻዩን ጠጣ።

“ኮኩን ለምን አልበላህም?”

“የቱን ኮክ?”

ራሱን ወደ ግራ ሲያዞር ኮኩን አየው። ያን ጊዜ ገባው።

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከተመታሁ በማግሥቱ። መጀመሪያ ጭስ ነገር ነበር። አሁን መጋረጃ ነው። ለማንም እንዳይነግሩብኝ፣ ሚስ ክራውደር። ስሜ ካልተለጠፈ አልጋዬን ያስለቅቁኛል። ከዚያ ዶሮ ፋብሪካ ነው። እናቴ ሁለት ጣቷን ትታበታለች። እኔ ምን ትቼ ልውጣ?”

“ዓይንህን እዚህ ትተኸዋል እኮ።”

“አንዱን ነው። አንዱን ብቻ።”

ምንም ቃል አልሰጠሁትም። ኮኩን በልቶ ሄደ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 22

ለቡፎርድ ነገርኩት። ቢሮው ውስጥ፣ በሩን ዘግቼ።

“አውቃለሁ” አለኝ።

“ምን?”

“አሥራ አምስት ዓመት አሠልጥኛለሁ፣ ሚስ ክራውደር። ልጅ አንገቱን እንደ ዶሮ ሲያዞር ይገባኛል።”

“ሐኪም አየው?”

“ከመክፈቻው በኋላ ያየዋል። አሁን ካየው ያግደዋል።”

“ቡፎርድ!”

“በአንድ ዓይኑ የእሱን ያህል የሚያይ የለኝም። ልጁ መጫወት ይፈልጋል፣ እኔም እፈልገዋለሁ። ማን ተበደለ?” ነጭ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ። “እርስዎ የማዕዘን ሰው ነዎት። የት ላቁመው? የማያይበት ጎን የማያስፈልግበት ቦታ ሜዳው ላይ የለም?”

እንዳይሆን አድርጌ ሰድቤው ወጣሁ። የገዛ እናቱ ይህን ሲል ብትሰማው ታፍርበት ነበር።

ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ተገኘ። መቼ አስገባሁት?

ዓርብ፣ ኦገስት 23

አለ።

ቦታው አለ። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም፤ ጎህ ሲቀድ አገኘሁት። ሉሸስ መሀል ሜዳ መቆሙን ይተው። ወደ ግራ ይሂድ፣ ከዳሩ መስመር አሥር ያርድ። የታወረው ዓይኑ መስመሩን ያያል፤ ማለቴ አያየውም። ከመስመሩ ውጭ ጨዋታ የለም። ጠላት ሁሉ ከቀኙ ይመጣበታል። የዳሩ መስመር ራሱ አንድ ተከላካይ ነው፤ አይደክምም፣ አይሳሳትም።

ሦስት ጊዜ ፈተሽኩት፣ በአሥራ አንዱም ተቃራኒ ተጫዋቾች። ከየትኛውም ቦታ ቢነሡ ከመስመሩ በኩል የሚመጣበት የለም።

ውብ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከፈታሁ ስንት ዓመቴ…

ሥዬ ለቡፎርድ ላክሁለት። ለምን? ጥያቄ ነበር፣ መልስ ነበረው። ይህ ምክንያት ይሆናል? አላውቅም። መላኩን ግን ላክሁ።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 27

ሉሸስ ሰማንያ አራት። ያልታወረ ይመስላል። አንድም ሰው አላመለጠውም። ብሎኬቷ ወደ ወፍራሙ ልጅ ዞረች። እያለቀሰ ተሸከማት። “ሙሽራው በሠርጉ ቀን ያለቅሳል እንዴ?” ይሉታል። እኔም ፈገግ አልኩ መሰለኝ።

ክሊዮፈስ ከሉሸስ ወደፊት፣ እዚያው ግራ ዳር ይጫወታል። ሰባ አንድ ደርሷል። ከአርባ አንድ!

ዓርብ፣ ኦገስት 30

ሃያው ስም በምግብ ቤቱ በር ተለጠፈ። ሉሸስ አለ። ክሊዮፈስ አለ። ወፍራሙ ልጅ የለም። አንድ ቀን እንኳ በስሙ ሳልጠራው አውቶቡስ ተሳፈረ።

ሉሸስ እስከ በረንዳዬ እየሮጠ መጣ። እጄን በሁለት እጁ ይዞ፣ “እናቴ ለመክፈቻው ትመጣለች!” አለኝ። ዓይኖቹ ሁለቱም ያበራሉ። ከውጭ ሲታዩ ልዩነት የላቸውም። አንዱ ብቻ እኔን ያያል።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 5

የመጨረሻው ልምምድ። ክሊዮፈስ ደብተሩን ይዞ ወንበሬ ሥር ተንበረከከ።

“አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ሚስ ክራውደር። ገፍተው ከመስመሩ ቢያስወጡኝስ? እዚያው ልቅር ወይስ ተመልሼ ልግባ?”

“ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ተመልሰህ ግባ እንጂ! ሰውየው ወደሚደርስበት።”

“ወደሚደርስበት” ብሎ ጻፈ። ከሥሩ አሰመረበት።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 7

አሥራ ሰባት ለአሥራ አራት። አሸነፍን።

ክሊዮፈስ…

ዛሬ መጻፍ አልችልም።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 8

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ልጻፈው።

ሁለት ደቂቃ ቀርቷል። የእነሱ ኳስ ተሸካሚ በግራችን ዳር መጣ። አንድ ግዙፍ ሰው ክሊዮፈስን ገፍቶ ከመስመሩ ውጭ ጣለው። ልጁ ወደቀ፤ ተነሣ። ተመልሶ ገባ። እንዳልኩት። ከመስመሩ በኩል። ከሉሸስ ግራ።

ሉሸስም በቀኝ ዓይኑ ተሸካሚውን ብቻ እያየ ወደሚደርስበት ሮጠ። ሁለቱም ወደ አንዲት ነጥብ፣ ሁለቱም በትክክለኛ ማዕዘን። አስተምሬያቸዋለሁ።

የሉሸስ ሄልሜት የክሊዮፈስ ጉልበት ላይ አረፈ። ድምፁ እኔ ጋ ደረሰ። ተሸካሚው ከሁለቱ ጋር ተጠላልፎ ወደቀ፤ ኳሱ አመለጠው፤ ኳሱን የኛ ልጆች ያዙት። ሕዝቡ ፈነዳ። የማርሽ ባንዱ መንፋት ጀመረ። እኔም ተነሥቼ አጨበጨብኩ። አዎ፣ አጨበጨብኩ። ልጁ እየጮኸ እንደሆነ ያወቅሁት ባንዱ ሲያቆም ነው።

አሥራ አንዱንም ጠላት ቆጥሬ ነበር። የራሳችንን አሥር ማን ይቁጠር? ወዳጅም ከመስመሩ በኩል ይመጣል ብዬ እንዴት ሳላስብ? ሕፃን እንኳ የማይሳሳተው!

ሕዝቡ ሲበተን ቨርዲ ቲልማን ልጇን አቅፋ አየኋት። “የኔ አንበሳ!” ትለዋለች። ወደ እኔም እጇን አወዛወዘች። አጸፋውን መለስኩ።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9

ሆስፒታል ሄድኩ። የክሊዮፈስ ጉልበት ከእንግዲህ አይታጠፍም። ሐኪሙ በሩ ላይ ነገረኝ። ልጁ ገና አልተነገረውም።

“ስንት አገኘሁ፣ ሚስ ክራውደር?”

“ምኑን?”

“ማርኬን። ተመልሼ ገባሁ እኮ። አዩኝ?”

“መቶ።” በአርባ አንድ ዓመት የማስተማር ዘመኔ መቶ ሰጥቼ አላውቅም። ሌላ ቁጥር አልመጣልኝም።

ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ አለ። ከዚያ፣ “ሉሸስ እንዴት ሳያየኝ ቀረ? ‘እኔ ነኝ!’ ብዬ ጮኼለት ነበር” አለኝ።

“ሕዝቡ ይጮህ ነበር” አልኩት።

“እሱስ ነው።” አመነኝ። “ይኼው ትላንት መጥቶ ሲያለቅስ ዋለ። ‘ጥፋትህ አይደለም’ ብዬዋለሁ። እርስዎም ይንገሩልኝ፤ እርስዎን ይሰማል።”

ደደብ አይደለም። አሁን ለየሁ። ምን ይጠቅመዋል?

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 10

ቡፎርድ የቀጣዩን ተጋጣሚ የጨዋታ ፊልም ላከልኝ፣ በሉሸስ እጅ። ቁራጭ ወረቀት አለው። “ግራ ዳር አዲስ ልጅ አስገብቻለሁ። ሥዕሉን ያስተካክሉልኝ፤ የቀድሞው በጣም ሠርቷል።”

በጣም ሠርቷል!

ሉሸስ ደረጃው ላይ ቆሟል። ጋዜጣ ላይ ስሙ ወጥቷል። ከደስታው ይልቅ ድካሙ ይታያል። ደረጃውን ሊወርድ ሲል መደገፊያውን በእጁ ፈለገው። በቀኝ እጁ፣ ያያል በምለው በቀኙ በኩል።

“ቀኙስ?” አልኩት።

“ምን ቀኙ?”

“ሉሸስ።”

“ትንሽ ይደበዝዛል። ፀሐዩ ነው፣ እንቅልፍም አልተኛሁ… ክሊዮን እያሰብኩ።” ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። “እንዳይናገሩ። ሥዕሉን ይሥሩልኝ እንጂ። እርስዎ ከሣሉልኝ እችላለሁ። እባክዎ!”

ፊልሙን መለስኩለት። “ለአሠልጣኝህ ስጠው። አልሥልም በለው።”

“ጨካኝ አሮጊት!” ብሎ ጮኸብኝ፣ ጎረቤት እስኪሰማ። ልክ ነው። የተሳሳተው በቀኑ ብቻ ነው፤ ጨካኝ የነበርኩት ዛሬ ሳይሆን ያኔ፣ ሥዕሉን ስልክ ነው።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 11

የኮሌጁ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ቡፎርድ ቀድሞኛል። “ሚስ ክራውደር፣ ሙቀቱ ጎድቶዎት ይሆን?” አለኝ ሐኪሙ፣ ውሃ እየቀዳልኝ። ፕሬዚዳንቱ ጋ ሄድኩ። እጄን ጨብጦ ስለ ድሉ እንኳን ደስ አለዎት ብሎ ሸኘኝ።

ልጁን ከሜዳው ማውጣት የሚችል አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል። ነገ ጠዋት አውቶቡስ አለ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 12

ሦስት ሰዓት መንገድ። ዶሮ ፋብሪካው በር ላይ ፈረቃ እስኪለወጥ ቆሜ ጠበቅሁ። ሴቶቹ የጎማ ሽርጣቸውን እንዳደረጉ ወጡ። ቨርዲ አየችኝና ገረጣች።

“ሞተ?”

“አልሞተም።”

ሁሉን ነገርኳት። ዓይኑን። ብሎኬቷን ለምን እንደተሸከመ። የሣልኩትን ሥዕል። የክሊዮፈስን ጉልበት። የቀኙን ዓይን። ዛሬውኑ ወደ ትልቁ ከተማ የዓይን ሐኪም እንድትወስደው፣ ማንንም ሳታስፈቅድ። እጇን በሽርጧ ትጠርግ ነበር፤ የጠራውን መልሳ ትጠርጋለች።

“መቼ ነው ያወቁት?”

“ኦገስት 20።”

“ዛሬስ ቀኑ ስንት ነው?”

“ሴፕቴምበር 12።”

“እኔ ትምህርት የለኝም፣ አስተማሪ። ስንት ቀን ነው?”

“ሚስስ ቲልማን…”

“ስንት ቀን ነው?”

“ሃያ ሦስት ቀን።”

“አልሰማሁም።”

“ሃያ ሦስት ቀን።”

“ጮክ ብለው። እነዚህም ይስሙት። እናቶች ናቸው።”

ሴቶቹ ዙሪያዬን ቆመዋል። ጮክ ብዬ ተናገርኩት። እንደገና አስባለችኝ። ተናገርኩ።

ከዚያ አውቶቡሱ መጣ። ሽርጧን ሳታወልቅ፣ የዶሮውን ደም ሳታጥብ ቀድማኝ ገባች። ከኋላዋ ወጣሁ። አጠገቧ ባዶ ቦታ ነበር። ቦርሳዋን አስቀመጠችበት።